ከዐስር እስከ መግሪብ፦ አንድ ክብ፣ ስድስት ቅጠል

የዛሬውን ጽሑፍ የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው።

ባለፈው ረመዳን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ፣ ጀሞ አካባቢ በማስተምርበት መድረሳ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ልጆቹ ተራ በተራ ሒፍዛቸውን ያሰሙኝ ነበር። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ተራዋ ደርሶ ፊቴ ተቀመጠችና ደብተሯን ዘረጋች። ሱረቱ ዱሓን በእጇ ጽፋዋለች፤ ጽሑፉም ደህና ነው። ዙሪያውን ግን በአራቱም ጠርዝ ነጭ ወረቀት አይታይም። ትንሽ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ቅጠል፣ በቅጠሉ ውስጥ ሌላ ቅጠል፣ ከጎኑ ደግሞ ያው ክብ እንደገና። በእስክሪብቶ ጥቅጥቅ ብሎ ተሞልቷል።

"የአላህ ቃል የተጻፈበት ወረቀት መጫወቻ ነው እንዴ?" አልኳት፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ደብተሩን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ልጆቹ ሳቁ። እሷ አላለቀሰችም፤ እጆቿን ጅልባቧ ሥር ደበቀቻቸው።

ከተራዊሕ በኋላ እናቷ በሴቶቹ በር አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። "ሸኽ፣ አይቆጡኝና፣ ልጅቷ ካጠፋች እኔ እቀጣታለሁ። ግን አባቷ ከሞተ ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ የላትም። እጇም አያርፍም፤ ጥፍሯን ትበላለች፣ ፀጉሯን ትነጫለች። እንዲህ ስትስል ብቻ ነው ረጋ የምትለው። ዝም ያልኳትም ለዚያ ነው" አለችኝ።

የሰውዬውን ጀናዛ ያሰገድኩት እኔ ነበርኩ። ከመቃብሩ ከተመለስን ሦስት ወር አልሞላም። ልጅቷ የጻፈችው ሱራ ደግሞ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የቲም ሆነው ማደጋቸውን የሚያስታውሰው ሱራ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ዐይኔ የገባው የተሞላው ጠርዝ ብቻ ነበር።

ያን ሌሊት ከሱሑር በፊት ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከሙስሐፌ ጎን ዘረጋሁት። ሙስሐፉ በአብዛኞቻችን ቤት ያለው፣ መዲና በሚገኘው የንጉሥ ፋህድ ማተሚያ የታተመው ነው። ፋቲሓን ገለጥሁ። ይህን ገጽ ከአርባ ዓመት በላይ ከፍቼዋለሁ፤ ዙሪያውን ልብ ብዬ ያየሁት ግን ያኔ ነው። ቅጠል፣ አበባ፣ ጠመዝማዛ ሐረግ፣ ከዚያ ያው ቅጠል እንደገና። አንቀጽ ባለቀ ቁጥር ቁጥሯ በትንሽ ጌጥ ውስጥ ተቀምጣለች። ልጆች ሲያስሉ በጣታቸው የሚፈልጉት፣ የሩብዕ መጀመሪያን የሚያሳየው ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብም አለ። ቁርኣን 30 ጁዝእ፣ 60 ሒዝብ፣ 240 ሩብዕ ነውና ያ ኮከብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በየመሐሉ ብቅ ይላል። ልጅቷ የትም ሄዳ የተማረችው አይደለም። በየቀኑ ከምትከፍተው ከሙስሐፏ ነው ያየችው።

በእርግጥ ከቀደምት ዑለማዎች ሙስሐፍን ማስጌጥ የጠሉ ነበሩ። ምክንያታቸው ዐይን ከቃሉ ወደ ጌጡ እንዳይሄድ ነው፤ ቦታ ያለው ሐሳብ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ሙስሊሙ ዓለም ከሞሮኮ እስከ ሕንድ ጌጡን በጠርዝና በሱራ መግቢያ ወስኖ፣ ቃሉን ለብቻው ትቶ ሠራበት። የእኛም አገር ከዚህ አልጎደለችም። በለንደን በሚታወቀው የኻሊሊ ስብስብ ውስጥ በ1162 ዓመተ ሒጅራ (1749 እ.ኤ.አ) የተጻፈ የሐረር ሙስሐፍ አለ፤ ጌጡን ያጠኑት ሰዎች ከግብፅ ከማምሉኮች ዘመን ሥራና ከሕንድ ሙስሐፎች ጋር ዝምድና አግኝተውበታል። ሐረር የሄደ ሰው ደግሞ በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ያለውን የአብደላህ ሸሪፍን ሙዚየም ይጎብኝ። ሰውዬው የተበታተኑ የእጅ ጽሑፎችን ሲሰበስቡና ሲጠግኑ ኖረዋል፤ ቆዳን በማኅተም እየመቱ መጽሐፍ የመጠረዙን ጥንታዊ ሙያም እንደገና አስጀምረዋል። ያ ማኅተም እንግዲህ አንድ ትንሽ ቅርጽ ነው። ደጋግሞ ሲመታ ሽፋኑን ያለብሰዋል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በብራና መጻሕፍቶቻቸው ራስጌ ላይ የሚያደርጉትን የተጠላለፈ ጌጥ "ሐረግ" ይሉታል፤ ቃሉ ለሁለታችንም ይሆናል።

ከመጽሐፉ ወጥተን ወደ ቤት ብንገባ ነገሩ ይበልጥ ቅርብ ነው። እናቴ ወሎ ሳለን በረመዳን ከዐስር በኋላ፣ ምጣዱ እስኪግል፣ ወስፌዋን ይዛ ደጃፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። ስፌት የሚጀምረው ከመሐል፣ ከትንሽ እንብርት ነው፤ ከዚያ እየዞረ ይሰፋል። ቀለም የተነከረው አለላ በስንት ስፌት እንደሚገባ፣ በስንተኛው እንደሚወጣ ቆጥራ ካልያዘች ቅርጹ ይዛባል፤ መዛባቱ የሚታየው ደግሞ ሦስት አራት ዙር ካለፈ በኋላ ነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቼ አንድ ቀን "እማ፣ እየዘከርሽ ነው?" አልኳት። "አይ ልጄ፣ እየቆጠርኩ ነው" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ቁጥሩ ሲስተካከል ወደ ዚክሩ እመለሳለሁ" አለች። እኔ ደረሳ ሆኜ ሎህ ላይ "ባ"ን አንድ ገጽ ሙሉ ስጽፍ፣ አጥቤ እንደገና ስጽፍ፣ ያ የእሷ መልስ ትዝ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ እጅ ይቆጥራል። ከዚያ እጅ መቁጠሩን ይለምደውና ልብ ነጻ ይሆናል።

የሐረር ቤት ውስጥ የገባ ሰው ግድግዳውን የሞሉትን ስፌቶች ያውቃቸዋል። በ2006 እ.ኤ.አ በዩኔስኮ መዝገብ የገባችው የጁገል ከተማ ከግንቧና ከመስጊዶቿ ጋር የምትኮራው በእነዚህም ነው። ሴቶቹ ከእናቶቻቸው ወስደው ለልጆቻቸው ያስተላለፉት ሦስት ማዕዘን፣ መስቀለኛና ደረጃ መሳይ ቅርጽ ነው። እዚህ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥም ከወሎ፣ ከሐረር፣ ከስልጤና ከጉራጌ የመጡ እናቶች ያሉበት ግቢ ብዙ ነው። ወስፌው ግን ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ሳይደርስ ቀርቷል። መሶቡን ከመርካቶ እንገዛለን፤ ልጁ ስልክ ይዞ ይቀመጣል።

ከዐስር እስከ መግሪብ ያለችውን ሰዓት እናንተም ታውቋታላችሁ። እናት ሳምቡሳውን ትጠብሳለች፣ ሾርባውን ታማስላለች። አባት ከመካኒሳ ወደ ጀሞ በሚመጣ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ ሰዓቱን ያያል። ከትምህርት ቤት የተመለሱት ልጆች ርቧቸዋል፣ ተነጫንጨዋል፣ እርስ በርስ ይጣላሉ። ቁርኣን የሚቀሩበት ጊዜ ነው እንላለን፤ ይቀራሉም፤ ግን አንድ ልጅ ጦሞ ሁለት ሰዓት ሙሉ መቅራት አይችልም። የተረፈውን ጊዜ ስልኩ ይወስደዋል። ደብተሩን ያየሁ ሌሊት ያሰብኩት ይህችን ሰዓት ነው።

መሳል ሲባል ፊታቸው የሚጠቁር ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ። ነፍስ ያለውን ስለመሳል ያለውን የዑለማዎች ንግግር እዚህ አላመጣውም፤ ሰፊ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) መተዳደሪያው ሥዕል ለነበረ ሰው የሰጡት ምክር ነው፤ የግድ የምትስል ከሆነ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ሳል ብለውታል። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓባዎችን ሲያስተምሩ መሬት ላይ መስመር ያሰምሩ ነበር። ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አራት ማዕዘን ሳሉ፤ ከመሐሉ ተነስቶ ወደ ውጭ የሚወጣ ረጅም መስመር ጨመሩ፤ ወደዚያ መስመር የሚመጡ ብዙ ትንንሽ መስመሮችንም አደረጉ። አራት ማዕዘኑ ሰውን የከበበው ዕድሜው ነው፤ ከእሱ አልፎ የወጣው ምኞቱ ነው፤ ትንንሾቹ የሚያገኙት መከራዎች ናቸው። ልጆቼን ይህን ሐዲስ በቃል ብቻ ሳስተምራቸው ይረሱታል፤ በጣታቸው አሸዋ ላይ ሲስሉት ግን አይረሱትም።

ዑለማና የእጅ ባለሙያም ተለያይተው አልኖሩም። በባግዳድ የኖሩት አቡል ወፋ አል ቡዝጃኒ (940–998 እ.ኤ.አ) ትልቅ የሒሳብ ሊቅ ሳሉ ለእጅ ባለሙያዎች የሚያስፈልገውን የጂኦሜትሪ አሣሣል በመጽሐፍ ጽፈውላቸዋል። በኢስፋሃን 1453 እ.ኤ.አ ላይ በተሠራ አንድ ሕንፃ ላይ ያለውን ጌጥ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ አጥንተው፣ በምዕራቡ ዓለም ሒሳብ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ የታወቀ አሠራር እንዳገኙበት ጽፈዋል። የግራናዳው አልሐምራ ቤተ መንግሥት ግድግዳም እንዲሁ ነው፤ ኤሸር የተባለው የሆላንድ ሠዓሊ በ1922 እና በ1936 እ.ኤ.አ ሄዶ ሲገለብጥ ሰንብቶ፣ የዕድሜ ልክ ሥራውን ከዚያ ወስዷል። ይህን ሁሉ የምላችሁ ለመኩራራት አይደለም። ልጆቻችን ይህን ነገር ከኢንተርኔት "ጭንቀት ማስወገጃ" ተብሎ ሲመጣላቸው እንደ አዲስ ከሚቀበሉት፣ የአያቶቻቸው መሆኑን ቢያውቁ ይሻላል።

ያስታግሳል የሚባለው እውነት ነው ወይ? እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተጻፈውን ላካፍላችሁ። በ2005 እ.ኤ.አ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 84 ተማሪዎችን መጀመሪያ እንዲጨነቁ አድርጎ ለሦስት ከፈላቸው። አንዱ ቡድን ከመሐል ተነስቶ የሚደጋገም ክብ ቅርጽ ቀለም ቀባ፤ ሁለተኛው የተሰመረ መረብ መሳይ ቅርጽ ቀባ፤ ሦስተኛው ባዶ ወረቀት ተሰጠው። የሁለቱ ቡድኖች ጭንቀት ቀነሰ፤ ባዶ ወረቀት የተሰጠው ግን እንደ እነሱ አልቀነሰለትም። እኔ የገረመኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ነጻነት ያሳርፋል ብለን እናስባለን፤ የተጨነቀ ሰው ግን ባዶ ወረቀት ሲሰጡት ጭንቀቱን ይዞ ይቀመጥበታል። ሥርዓት ያለው፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የሚታወቅ ነገር ሲሰጡት እጁ የሚይዘው ያገኛል። በ2016 እ.ኤ.አ የወጣ ሌላ ጥናትም 39 ጎልማሶች ለ45 ደቂቃ በእጃቸው የጥበብ ሥራ ከሠሩ በኋላ፣ ከአራቱ በሦስቱ ላይ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን መቀነሱን ለክቷል። የአንድ ቀን፣ የጥቂት ሰው ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ አናስኪደው። ለወራት ያልተኛ ልጅ ሐኪም ማየት አለበት፤ ለዚያች እናትም ያልኳት ይህንኑ ነው፤ ወስዳታለች።

አሁን ወደ ሥራው። እርሳስ፣ ወረቀትና የትምህርት ቤት ኮምፓስ ይበቃል። ኮምፓሱን ወደ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ክፈቱና ክብ ሳሉ። አከፋፈቱን ሳትለውጡ መርፌውን ክቡ መስመር ላይ የፈለጋችሁት ቦታ ትከሉና ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቅስት ሳሉ፤ በመሐል ያልፋል። ቅስቱ ክቡን የነካበት ቦታ ላይ መርፌውን አዛውሩና ድገሙት። ስድስት ጊዜ ስትደርሱ የመጨረሻው ቅስት ከመጀመሪያው ጋር ይገጥማል፤ ስድስት ቅጠል ያለው አበባ ተሠራ። ስድስት የሆነው እናንተ ስለለካችሁ አይደለም። የክቡ ስፋት የወጣበት እርምጃ ክቡን ሲዞር ሁልጊዜ ስድስት ነው፤ አላህ እንዲያ አድርጎ ፈጥሮታል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ የሚያሰሙት ድምፅ ደስ ይላል። ከዚያ መርፌውን በስድስቱ ነጥቦች ላይ እየተከላችሁ ሙሉ ክብ ብትስሉ አበባው ወደ ውጭ ይስፋፋል፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ ይሄዳል።

ኮምፓስ ከሌለ ሰባት ባለ አንድ ብር ሳንቲም አምጡ። አንዱን መሐል አስቀምጡና ስድስቱን ዙሪያውን ደርድሩ፤ ሳይጠብና ሳይላላ ይገጥማል። እየዞራችሁ አስምሯቸው። ለትንንሾቹ ደግሞ የሙስሐፉ ኮከብ ይቀላል፤ አንድ አራት ማዕዘን፣ በላዩ ላይ ጥግ ወደ ጎን የዞረ ሌላ እኩል አራት ማዕዘን። ስምንት ጫፍ።

ላጲሱን ደብቁት። ይህን የተማርኩት ከእናቴ ስፌት ነው፤ አንድ ስፌት ስታ ሩቅ ከሄደች አትፈታውም፣ በተቃራኒው በኩል ያንኑ ትደግመዋለች። ሁለት ቦታ ላይ ሲሆን ቅርጽ ይሆናል። ልጅ መስመር ሳተብኝ ብሎ ወረቀቱን ሊጨመድድ ሲል፣ "በዚያኛውም በኩል ድገመው" በሉት።

ኢማም ነኝና ሦስት ነገር ሳላስጠነቅቅ አላልፍም። አንደኛው የልጅቷ ጉዳይ ነው፤ ያን ቀን ከተናገርኩት ትክክል የነበረው ይህ ብቻ ነው። የቁርኣን አንቀጽ ወይም የአላህ ስም ባለበት ወረቀት ላይ አትለማመዱ፤ የልምምድ ወረቀት ይጣላል፣ ይረገጣል። ለብቻው ደብተር ይኑረው። ሁለተኛው፣ ይህ ዒባዳ አይደለም። ዚክር ዚክር ነው፤ የልብ እርጋታም ምንጩ እሱ ነው። እጃችሁ እየሳለ ምላሳችሁ ሱብሓነላህ ቢል መልካም ነው፤ ለእያንዳንዱ ቅጠል ይህን ያህል ጊዜ በል ብሎ ቁጥር መደንገግ ግን የእኛ ሥልጣን አይደለም። ሦስተኛው፣ ለሁሉም ቦታ አለው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጌጥ ባለበት ልብስ ሰግደው ጌጡ ሐሳባቸውን ስለወሰደው፣ ልብሱን ወደ አቡ ጀህም ልከው በምትኩ ጌጥ የሌለውን እንዲያመጡላቸው አዘዋል። ስለዚህ የሠራችሁትን በሰላት ቦታችሁ ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። ምንጣፍ ስትገዙም ይህን አስቡ፤ አንዳንዱ መስገጃ እኮ ሱቅ ይመስላል!

ወደ ልጅቷ ልመለስ። በማግስቱ ደብተሯን ይዤ ገባሁ። የሳቁት ልጆች ሁሉ ባሉበት፣ "ትናንት ተቆጥቼ ነበር፤ ሳልጠይቅ መቆጣቴ ስሕተት ነው፤ አፉ በይኝ" አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፤ ደብተሩን ተቀብላ ገጾቹን ቆጠረች። ከጎኑ አንድ ያልተሰመረ የሥዕል ደብተርና ኮምፓስ ሰጠኋት። በሳምንቱ ሌሎቹም ጠየቁኝ። ከዐስር በኋላ ሒፍዝ ይሰማል፣ ከዚያ እስከ መግሪብ አዛን የቀረችው ግማሽ ሰዓት የወረቀቱ ሆነች። ወንዶቹ መጀመሪያ የሴት ሥራ ነው ብለው ነበር፤ አቡል ወፋን ነገርኳቸውና ዝም አሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ከማንም ይልቅ የሚረብሸኝ፣ አሥራ ሁለት አበባ በአንድ ቅምጥ ሠርቶ አዛኑን ሳይሰማው ቀርቷል፤ ቴምር የሰጠሁት እኔ ነኝ።

እናቷን ስጠይቃት፣ "አንዳንድ ሌሊት ትተኛለች" ትለኛለች። ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንድ ሌሊት ከሱሑር በፊት ብቻዋን ተነስታ በኩሽናው መብራት ስትስል ታገኛታለች፤ እንግዲህ ከጎኗ ትቀመጣለች። አንድ ሌሊት እናትየዋም እርሳስ አንስታ እንደነበር ነግራኛለች፤ አባትየው ከሞተ ወዲህ አብረው ሳይነጋገሩ የተቀመጡበት፣ ግን ያልከበዳቸው የመጀመሪያው ሌሊት ነበር አለች።

የዒድ ዋዜማ የሕንፃቸው ሴቶች ልጆች ሂና ለመደረግ በራቸው ላይ ተሰልፈው አመሹ። በማግስቱ ከስታዲየሙ የዒድ ሰላት ተመልሰን ልጆቹ ሊዘይሩኝ ሲመጡ እጃቸውን አየሁ፤ ያው ክብ፣ ያው ቅጠል፣ በየመዳፉ ላይ። አምስት ልጆች ቆጠርኩ። ከሁሉም ትንሿ፣ የአራት ዓመቷ ልጅ መዳፍ ላይ ግን ቅጠሎቹ አምስት ብቻ ነበሩ። ለምን እንደሆነ ሠዓሊዋን ጠየቅኋት።

"እጇን አላስቀምጥ አለችኝ፣ ሸኽ" አለችኝ። "ሳቋ አልቆም አለ።"